ሚዛኑን ያላመኑት እትዬ ሜትር

እህቴን ልትሸኙ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ የኖሩትን ዘመን እኔ ታናሽ ወንድማቸው እንደማውቀውና እንደ ሰማሁት አነብላችኋለሁና በትዕግሥት አድምጡኝ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው፣ ከዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት እየተማሩ፣ ከሰዓት በኋላውን በአባታችን ሱቅ የደንበኞችን ልክ በደብተር በመጻፍ ያሳልፉ ነበር። እህቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ የመጋዘን ኃላፊ ኮት አሰፉ። በወሩ ተመልሰው «ወገቡ ጠበበኝ» አሉና ሰፋላቸው። በሚቀጥለው ወር ወገቡ ዳግመኛ ጠቧቸው፣ ትከሻው ግን ሰፍቷቸው ከላያቸው ይንሸራተት ጀመር። ሰው ሁሉ «ሰውነት ገዙ፣ ተመቻቸው» ሲል፣ እህቴ የጻፉትን ልክ አስተያይተው «አባዬ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ከኮታቸው ውስጥ እየወጡ ነው» አሉ። አባታችንም «አፍሽን ሰብስቢ!» ብለው ተቆጧቸው። ኮቱን ለሦስተኛ ጊዜ ይዘው የመጡት የሰውዬው ባለቤት ነበሩ፤ ለብሰውት እንዲቀበሩ ትከሻው ይጥበብላቸው አሉ።

እህታችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ በሥነ ምግብ ሙያ ተመርቀው፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጉበት ሕሙማን ክፍል በተቀጠሩ ጊዜ የዚያ ኮት ነገር ገባቸው። ጉበቱ ለዓመታት የታመመ ሰው ሆዱና እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃውም ኪሎ ስላለው፣ ሥጋው እየመነመነ ሳለ ሚዛኑ «ወፍሯል» ይላል። ስለዚህ እህቴ በሚዛን ብቻ መፍረድን ትተው፣ የክንድን ዙሪያ በሜትር፣ የቆዳን ውፍረት በመቆንጠጫ፣ የእጅ ጭብጥን ጉልበት በመለኪያ እየወሰዱ፣ ትናንት ምን እንደ በሉ፣ ምግብ ካስጠላቸው ስንት ቀን እንደሆነ እየጠየቁ መመዝገብ ያዙ። ሕሙማኑም «እትዬ ሜትር» የሚል ስም አወጡላቸው። ሰላም ሲሉም እጅን ጠበቅ አድርገው ይዘው ቶሎ ስለማይለቁ፣ እኛ ዘመዶቻቸው «አለፍን ወይስ ወደቅን?» እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

የሚሠሩባት ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ስለዚያች ክፍል አንድ ቀን «አንዳንዱን ሰው ስለካ፣ የሜትሩን ሌላ ጫፍ አንድ የማላየው እጅ ይዞ የሚስበው ይመስለኛል» አሉኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ፣ እታለም?» አልኳቸው።

«እኔም እስባለሁ» አሉኝ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሆስፒታሉን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆችን ወልደዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጡረታ የወጡ አንዲት የጽሕፈት ባለሙያ በአንድ ወር ስድስት ኪሎ ጨመሩ ተብሎ፣ ልጆቻቸው እልል እያሉ ሊወስዷቸው መጡ። ቤተሰቡ «ለጉበት አይሆንም» ብሎ ሥጋውንም፣ እንቁላሉንም፣ ባቄላውንም ከልክሏቸው ኖሯል። እህቴ የክንዳቸውን ልክ የያዘውን ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ይህ ኪሎ የውሃው ነው እንጂ የእናታችሁ አይደለም። እናታችሁ በራብ እያለቁ ነው» አሉ። ትልቁ ልጅ «አንቺ ማነሽና በእናቴ ታሟርቺያለሽ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ ሐኪሙ ግን የመውጫውን ወረቀት መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ የተከለከለው ምግብ ተመለሰ፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከመኝታ በፊትም ጭምር እንዲበሉ ተደረገ። በአራተኛው ወር ጭብጣቸው በረታ። እነሆ ዛሬ በዚህ ለቅሶ መካከል ተቀምጠዋል።

በወጣትነታቸው በሥራ ላይ ሳሉ ሳያስቡት በወጋቸው የሕሙማን መርፌ የገባባቸው ቫይረስ የእህቴን ጉበት ድምፁን አጥፍቶ ሲበላ መኖሩ የታወቀው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ጎረቤት «ምነው ደህና ተመቸሽ!» ስትላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ክንዳቸውን ለኩ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትንሿ ልጃቸው ትለካቸው ነበር። አንድ ጊዜ አንጀቷ አልችል ብሎ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ብታነብላቸው «ለመዋሸትስ ሚዛኑ ይበቃል፣ ልጄ» አሏት። ለሌላው ያዘዙትን ሳይሰለቹ ለራሳቸውም እየበሉ፣ ሐኪሞች ያልጠበቁትን ሁለት ዓመት ኖሩ። ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸው ሜትሩን በክንዳቸው ላይ እንዳዞረች ድንገት ለቀቀችው። ምን እንደተሰማት እስካሁን አልተናገረችም።

ሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት እህታችን በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። በዚያችው ሰዓት፣ መርዶው ሆስፒታሉ ሳይደርስ፣ ተረኛዋ ነርስ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ እህቴ በሕመም ሥራ ካቆሙ ወዲህ ስድስት ወር በተቆለፈችው በዚያች ክፍላቸው ፊት ሰባት ሕሙማን የግራ እጅጌያቸውን ጠቅልለው በሰልፍ ተቀምጠው አገኘች። ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ የጠራቸውም ሰው የለም። ምን እንደሚጠብቁ ብትጠይቃቸው አንድ አዛውንት «ምንም አንጠብቅ፤ እትዬ ሜትር አሁን ለክተውን ወጡ እኮ» አሏት።

እኔ ነርሷ የነገረችኝን አነበብኩ እንጂ ፍቺውን አላውቅም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ራብና ሕመም ከማይደርሱበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው የምንጽናናበትን አቅም አይንሣን። አሜን።