ሳተላይት ያየው ጎርፍ

በደርግ ጊዜ ነው። ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከጎኔ የተቀመጠው የግብርና ሠራተኛ ሰፊ ወረቀት በጉልበታችን ላይ ሲዘረጋ፣ በሌላው ጎኑ የተቀመጡት ገበሬ እናት ጠየቁት።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?”

“ሳተላይት ከሰማይ ያነሳው ፎቶ ነው እማማ። ቀበሌያችሁ ይኸውና። በዚህ ፎቶ ለምለሙ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ቀዩ ሰብልና ዛፍ ነው፤ ነጩ የተራቆተ መሬት።”

“ነጩማ ከእኔ ማሳ በላይ ያለው ኮረብታ ነው!”

“አዎ፣ ጎርፉ የሚነሳው ከዚያ ነው።”

“እኔ በየዓመቱ ታች እርከን እሠራለሁ፣ ጎርፍ ይወስድብኛል። ገበሬ ማኅበሩ ግን ሰነፍ ይለኛል!”

“እርስዎ ሰነፍ አይደሉም። ሥራው ከላይ መጀመር ነበረበት። ዛሬ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይህን አሳያቸዋለሁ።”

“እኔም እመጣለሁ! እዚህ ላይ ጣቴን አድርጌ ራሴ እነግራቸዋለሁ!”

ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ብዬ ጉልበቴን ሰበሰብኩ።