ሀምዱ ወደ ወለል ያወረደው ማርሽ

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሩ ስም፦ ወልደሰንበት ጽጌማርያም
ዕድሜ፦ 34 ዓመት
ሥራ፦ የታክሲ ሾፌር
አድራሻ፦ ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ፣ ከሀምዱ ሀያቱ ጋራዥ ጎን
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ በየነ ሀብተማርያም

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር እውነቱን እንድናገር ተነግሮኝ፣ ምዬም የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ዓርብ የካቲት 17 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ የአቶ ተክለማርያም ሰማያዊ ኦፔል ከሀምዱ ጋራዥ ደጃፍ ተነስቶ ወደ ኋላ በመሄድ የወይዘሮ ሃጂራ አህመድን ሱቅ ገጭቷል። መደርደሪያው ወድቆ ወይዘሮ ሃጂራን እግራቸው ላይ ጎድቷቸዋል። የጋራዡ ባለቤት መካኒኩ ሀምዱም አዲስ የሠራው ማርሽ በራሱ ተንሸራቶ ወጥቶ ነው በሚል ታስሮ ይገኛል። ቅዳሜ ዕለት ስጠየቅ በአካባቢው እንዳልነበርኩ ተናግሬያለሁ። ያ ቃል እውነት አይደለም። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ የመጣሁት እሱን ለማስተካከል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት፣ አቶ ተክለማርያም ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከደረጃ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ ወጌሻ ደጋግሞ ቢያሸውም ክንዳቸው ወደ ላይ አልነሳ ብሏቸዋል። የኦፔሉ ማርሽ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ መኪናዎች ከመሪው ስር የተተከለ ስለሆነ ለመቀየር ክንድን ማንሳት ይጠይቃል። በግራ እጃቸው በመሪው ላይ አሻግረው ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለሚያያቸው ያሳዝናል፣ ለእግረኛ ደግሞ ያስፈራል። በጥር ወር መጨረሻ ሊሸጡት ወስነው ገዢ ይዘው ወደ ጋራዡ መጡ። ሀምዱ ገዢውን ሻይ ጋብዞ በሰላም ሸኘውና ወደሳቸው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ አይሽጡት። ክንድዎ ወደ ማርሹ መውጣት ካቃተው እኔ ማርሹን ወደ ክንድዎ አወርደዋለሁ» አላቸው። ይህን ስሰማ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በኮልፌ አስራ አንድ ዓመት ታክሲ ስነዳ ያልገባሁበት ጋራዥ የለም። አብዛኛው መካኒክ መዶሻ ያስቀድማል። ሀምዱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ብረት አልነካም። መኪናው ስር ተኝቶ፣ ከመሪው የሚወርዱት ሁለት ዘንጎች ካምቢዮውን ማለትም የማርሹን ሳጥን እንዴት እንደሚገፉና እንደሚስቡ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ያንኑ በመቃና በሲባጎ አስመስሎ ሠራውና በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰው ጀመር። ዋሽንት ልትሠራ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩበት። የመቃው ማርሽ እንደፈለገው ሲሄድለት ብቻ ነው ወደ ብረቱ የሄደው። ዘንጎቹን ቶንዲኖ ከሚባለው ድቡልቡል ብረት ቆርጦ አጎበጣቸው፣ የማርሹን እጀታ ከመርካቶ ካገኘው ከተጣለ የጭነት መኪና አወጣ፣ ወለሉን በመሮ ቀድዶ ዙሪያውን በወፍራም ላሜራ በየደው። አቧራ እንዳይገባም ቀዳዳውን የሚሸፍን ቆዳ በገዛ እጁ ሰፋ። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ በሕይወቴ አላየሁም።

ቃል ተቀባዩ ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስላሳሰቡኝ አሳጥራለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ሳይመዘገብ እንዳይቀር እለምናለሁ። ሐሙስ የካቲት 16 ቀን ሥራው ካለቀ በኋላ ሀምዱ የራሱን ቀኝ ክንድ ከክርኑ በላይ ከጎኑ ጋር በቀበቶ እንድጠፍርለት ጠየቀኝ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ታስሮ ነው እስከ ዘነበወርቅ ነድቶ የተመለሰው። እኔም አብሬው ነበርኩ። ክንዱ ሳይነሳ ማርሹ ሁሉ ገብቷል፣ አንድም ጊዜ አልጮኸም፣ አንድም ጊዜ አልወጣም። በራሱ ተንሸራቶ ወጣ የሚባለው ማርሽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ። እኔ የምነዳው ሴይቼንቶ የሚባለውን ትንሹን የፊያት ታክሲ ነው። በሴይቼንቶ ማርሹን ወደ ግራ አድርጎ ወደ ፊት ሲገፉት አንደኛ ይገባል። በሀምዱ ሥራ ግን እዚያው ቦታ ላይ የሚገባው የኋላ ማርሽ ነው፤ አንደኛ የሚገባው ወደ ራስ ሲሳብ ነው። ይህንን ገና በመቃው ጊዜ አይቼ፣ ተገልብጦብሃል፣ እንደ ሰው አድርገው ብዬ ተከራክሬዋለሁ። እሱ ግን አውቆ ያደረገው ነበር። አቶ ተክለማርያም ከመሪው ስር አንደኛን ያስገቡ የነበረው ወደ ራሳቸው ስበው ነው። «ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ነው» አለኝ። «ትከሻቸው ተሰብሮ እጃቸውን ደግሞ እንደ አዲስ ላስተምረው? አንተ ሴይቼንቶህን ንዳ።»

እንግዳ ሰው እንዳይሳሳት ግን በእጀታው ራስ ላይ ምልክት እንዲቀረጽ ተስማማን። የእጀታውን ራስ ከወይራ እንጨት አዘጋጀው። ሀምዱ ቁርዓን ቤት የተማረ ስለሆነ ዓረብኛ ያነባል እንጂ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ፩፣ ፪፣ ፫ን እና ለኋላ ማርሹ «ኋ»ን በእርሳስ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እሱ በላዩ ላይ ቀረጸው። የ«ኋ» እግር ተጣመመብኝ ብሎ የመጀመሪያውን ወይራ ጥሎ ሌላ ቀርጿል።

ዓርብ ዕለት መኪናው ታጥቦ ደጃፍ ቆመ። አቶ ተክለማርያም በ9 ሰዓት ሊረከቡት ነበር። ቦታው ከኋላው ቁልቁለት ስለሆነ ሀምዱ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በኋላ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጎ፣ ቁልፉን ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለና 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለጁምዓ ሶላት ሄደ። ሲሄድ መኪናዋን እያት አለኝ። እኔም አየኋት። እያየሁ ቅናት ያዘኝ። አንድ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ገፋ አድርጌ እመልሳታለሁ፣ እጄ ብቻ ይሞክረው ብዬ አሰብኩ። ቁልፉን አወረድኩ፣ ድንጋዩን ወደ ጎን አነሳሁ፣ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሹን ወደ ግራ፣ ወደ ፊት ገፋሁት። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባ። ደስ አለኝ። በዚያው ደስታ የእጅ ፍሬኑን አውርጄ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት።

መኪናው ወደ ኋላ ተወረወረ። ፍሬኑን ሳገኘው ሱቁን ገጭቶ ሞተሩ ጠፍቷል። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ወይዘሮ ሃጂራም ሱቁ ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ስለነበር አላዩኝም። ቁልፉን ምስማሩ ላይ መልሼ በጓሮ ዞርኩና ጩኸቱን ሰምቶ እንደ መጣ ሰው መደርደሪያውን ከእግራቸው ላይ አነሳሁ። አላህ ይስጥህ ልጄ ብለው መረቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምርቃት ያፈርኩበት የለም።

ሀምዱ ከሶላት ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወይዘሮ ሃጂራ ነው። እግራቸው እንዳልተሰበረ ካየ በኋላ ወደ መኪናው መጣ። በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ማርሹን ነካው፤ የኋላ ማርሽ ገብቷል። ወደ ጎን የተቀመጠውን ድንጋይ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፖሊስ ሲመጣ ግን ማርሹን የሠራሁት እኔ ነኝ ከማለት በቀር አልተናገረም።

ትናንት እሑድ ዳቦና ሻይ ይዤለት ወደ ጣቢያው መጣሁ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «ሲገባ ጮኸ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልጮኸም አልኩት። ወለሉስ ነዘረ አለኝ። አልነዘረም አልኩት። ፈገግ አለና ዳቦውን ቆረሰ። ለምን እንዳልተናገረብኝ ስጠይቀው መንጃ ፈቃድህን ቢወስዱብህ አራት ልጆች በምን ታሳድጋለህ አለኝ። እሱን ያሳሰበው ሌላ ነበር። አቶ ተክለማርያም በጠዋት መጥተው፣ ሀምዱን እንደማይከሱት፣ መኪናው ውስጥ ግን ዳግመኛ እንደማይገቡና ለዚያው ገዢ እንደሚሰጡት ነግረውታል። «ፈሩት፣ ወልዴ» አለኝ። «ለሳቸው እጅ የተሠራውን ፈሩት።» ሀምዱን ሲከፋው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ማርሹ በራሱ አልወጣም። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ገብቶም ጸንቷል። ወይዘሮ ሃጂራንም ይቅርታ የምጠይቅ እኔ ነኝ። አቶ ተክለማርያም ከመሸጣቸው በፊት ይህ ቃል እንዲነበብላቸው፣ አንድ ጊዜም መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ወደ ራሳቸው እንዲስቡት እለምናለሁ። ምልክቱን አላየህም ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ «ኋ»ን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን በመዳፌ ስር ነበር።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቅዳሜውን ሽሬ በዚህ እጸናለሁ ስል ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ወልደሰንበት ጽጌማርያም
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ በየነ ሀብተማርያም

ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረመ በኋላ ሳይጠየቅ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ቃሉ ከቀኑ 5 ሰዓት በጣቢያው ለአቶ ተክለማርያም ተነቦላቸዋል። አቶ ተክለማርያም ራሳቸው ሊሞክሩት የመኪናቸውን ቁልፍ ጠይቀው ተረክበዋል።