ጅራት የሌለው ሽኮኮ

አቶ መንገሻ ባለቤታቸው መንበረ ካረፈች ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እስራኤል አገር ካለው ሰፈራቸው ከፒስጋት ዘኤቭ በባቡር ወርደው ወደ ሐበሾች ጎዳና መሄድ ልማድ አደረጉ። እዚያ የሚጠይቁት ዘመድ የላቸውም። እዚያ ያለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንም የእርሳቸው አይደለም፤ እርሳቸው ቤተ እስራኤል ናቸው። የሚሄዱት ለፊደሉ ነበር። በሚኖሩበት ሰፈር ከሐኪም ቤቱ እስከ ገበያው ያለው ጽሑፍ ሁሉ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ በዚያ ጠባብ ጎዳና ግን ከበሮቹ በላይ ድንጋይ ላይ በግዕዝ ፊደል የተቀረጸውን ራሳቸው ያነባሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ደረጃ ላይ ተቀምጠው አንብበው፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ።

ልጃቸው ሽሎሞ ሐሙስ ሐሙስ ይደውላል። «ደህና ነህ አባ?» «ደህና።» «በላህ?» «በላሁ።» ከዚህ በላይ የልጁ አማርኛ አያስኬድም፤ የአባትየውም ዕብራይስጥ አጭር ነው። የልጅ ልጆቻቸው ጉንጫቸውን ስመው «ሻሎም ሳባ»፣ ሰላም አያታችን፣ ይሉና ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ሆነው ቤተሰብ እያላቸው ብቸኛ ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ጭራሹን ቤተሰብ ከማጣት ይልቅ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል።

በሚያዝያ ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ አንዲት ልጅ ግንቡን በስልኳ ፎቶ ስታነሣ አገኟት። ጽሑፉን መስሏቸው ነበር። ልብ ብለው ሲያዩ ግን ያነጣጠረችው በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ፀሐይ በሚሞቅ እንሽላሊት ላይ ነው። መልኳ የአገር ልጅ ነው። ዘወር ስትል አየቻቸውና ፈራ ተባ እያለች፦

«አባ፣ ይቅርታ፤ ይህን በአማርኛ ምን ትለዋለህ?» አለች።

«ለእኩያሽ ‹ትለዋለህ›፣ ለሽማግሌ ‹ይሉታል› ነው ልጄ» አሉ አቶ መንገሻ። «እንሽላሊት ነው። ለምን ፈለግሽው?»

ልጅቱ አፍራ ሳቀች። «ናኾን፣ ልክ ነው፣ ይሉታል። ዕብራይስጥ ውስጥ ‹እርስዎ› የለም፤ ለዚህ ነው የምረሳው። ኦሽራት እባላለሁ። ሥራዬ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ይህ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ በፈቃዴ የምሠራው።»

ከጎናቸው ተቀመጠችና አስረዳቻቸው። በኢንተርኔት አንድ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት አለ፤ የዓለም ሰው በየቋንቋው ይጽፈዋል፤ ደመወዝ የሚቀበል የለም። የእርሷ ድርሻ የዱር እንስሳትንና የዕፅዋትን ገጾች ማደራጀት ነው፤ ወፉን ከወፍ፣ አውሬውን ከአውሬ ትደረድራለች፤ ፎቶ ለሌለው ፎቶ ትፈልጋለች።

«በዕብራይስጡ ብዙ ነን» አለች። «በአማርኛው ግን ይህን ክፍል የምንይዘው እኔና አንድ ፊቱን ያላየሁት ሰው ብቻ ነን። የእኔ አማርኛ ደግሞ ይኸው ነው፤ ሰምተውታል።»

«ደቦ ነዋ!» አሉ አቶ መንገሻ።

«ደቦ ምንድን ነው?»

«አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ የሚያጭድበት ነው። ነገም የሌላውን። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ደቦ የመጣውን ሰው በስሙ አውቀዋለሁ። ማጭድ መያዝ የማይችል ከሆነ ነዶ አሸክመዋለሁ። የእናንተን ማን ያውቀዋል? ማንም እየገባ የሚጽፍበት መጽሐፍ አጥር የሌለው ማሳ ነው፤ ከብቱም ዝንጀሮውም ይገባበታል። የእኛ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ነበር የሚሄድ።»

«የእርስዎስ ወደ ልጅዎ ሄደ?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።  ልማድን አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆኑት፤ መንገዱን ሲያወድሱ ኖረው፣ መንገደኛ እንደሌለበት የሚያውቁት ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው ነው።

«እስቲ መዝገባችሁን አሳዪኝ» አሉ አቶ መንገሻ ነገሩን ለማዞር።

ኦሽራት ‹ሽኮኮ› የሚለውን ገጽ ከፈተችላቸው። አቶ መንገሻ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ጉልበታቸውን በጥፊ መቱ።

«ይኸውልሽ! አላልሁም? ይህ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ጅራቱ መጥረጊያ የሚያህል ነገር ነው። ሽኮኮ ጅራት የለውም! የሚኖረው በገደልና በቋጥኝ ነው፤ ጆሮው አጭር፣ ጥንቸል የሚያህል። ወገራ ሳለሁ ስንቱን አይቻለሁ!»

«በዕብራይስጥ ሻፋን የምንለው ነው? የድንጋዩ?» ኦሽራት ዓይኗ በራ። «ታዲያ እኔ ይህን እንዴት አውቃለሁ አባ? የሚያውቁትን ይንገሩኝና እንጽፈዋለን። ስሕተት ያየ ሰው ነው የሚያርመው።»

እርሳቸው ሲናገሩ እርሷ ጻፈች። በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የአውሬ ስም እየቆጠሩ፦ ድኩላ፣ ሰስ፣ ጃርት፣ ከርከሮ፣ ጥርኝ።

በሳምንቱ ግን ኦሽራት ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀቻቸው። የጻፉት ተሰርዟል። የሰረዘው ያ ፊቱን ያላየችው ሰው ነው፤ ዘመነ ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ የሚኖር አስተማሪ ነው። ከሥሩ «ማስረጃ አልቀረበም። በእኛ ከተማ ሽኮኮ የሚባለው ባለጅራቱ ነው» ብሎ ጽፏል።

አቶ መንገሻ በትራቸውን አንሥተው ተነሡ። «ማስረጃ? እኔን? በዓይኔ ባየሁት ነገር ልጅ እግር ‹ዋሽተሃል› ይበለኝ? ደህና ሁኚ ልጄ» አሉና ሄዱ።

ሁለት ማክሰኞ ወደ ጎዳናው ሳይሄዱ ቀሩ። ቤት ውለው መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ፤ ኦሽራት ናት። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቃ ነው ያገኘቻቸው። ብርቱካን አቀረቡላትና ተቀመጡ።

«አባ፣ ለምን ይህን ሥራ እንደጀመርሁ ልንገርዎት» አለች። «ሳፍታዬ፣ ሴት አያቴ፣ ሸዋነሽ ትባል ነበር። ማታ ማታ የአውሬ ተረት ትነግረኝ ነበር። ግማሹ አይገባኝም፤ ‹ምን ማለት ነው?› ብዬ አልጠየቅኋትም። አሁን ሞታለች። ስሞቹን አስታውሳለሁ፤ የማን እንደሆኑ ግን አላውቅም። ‹እርኩም› ትል ነበር። እርኩም ሰው ይሁን ወፍ አላውቅም ነበር።»

«ወፍ ነው» አሉ አቶ መንገሻ ቀስ ብለው። «ትልቅ፣ ጥቁር፣ መሬት መሬት የሚሄድ።»

«አሁን አውቄዋለሁ። ማን እንደነገረኝ ያውቃሉ? ዘመነ ነው። ‹ማስረጃ› ያለው እርስዎን ለማዋረድ አይደለም፤ ለሁሉም ይላል፤ ለእኔም። ወንድ አያቴ፣ የሸዋነሽ ባል፣ ወደዚህ ሲመጡ ሱዳን ሞቶ ቀርቷል። ስሙ ሄርዝል ተራራ ላይ፣ በዚያ መንገድ ላለቁት በተሠራው መታሰቢያ፣ እንዲጻፍ ሳፍታዬ ምስክር ተጠይቃለች፤ አብረውት የነበሩ ሁለት ሰዎች ፈልጋ አመጣች። ያኔ አልተቆጣችም። ‹ሳይጠይቁ የጻፉት ሳይጠይቁ ይፋቃል› ነው ያለችው።»

አቶ መንገሻ አንገታቸውን ደፉ። የእርሳቸውም ታናሽ እኅት በዚያው መንገድ ነው የቀረችው። እርሳቸውም ተጠይቀዋል፦ የት ሞተች? ማን ቀበራት? ማን አየ? ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ስሟን አስደግሟቸው፣ ፊደል በፊደል ሲጽፍ፣ ያን ቀን ከመቆጣት ይልቅ አልቅሰው ነበር፤ በመጨረሻ ስለ እርሷ የሚጠይቅ ሰው ስላገኙ።

 ከዚያ ጫማቸውን ፈለጉ።

«ተነሽ» አሉ። «ፀሐይዋ ሳትበረታ። ማስረጃው ከቤቴ በታች ነው ያለ።»

ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወዳለው ቋጥኛማ ተዳፋት ወረዱ። አቶ መንገሻ መንበረ ከሞተች ጀምሮ ብቻቸውን እየመጡ የሚያዩት ስፍራ ነው፤ ለማንም ተናግረውት አያውቁም። ጥቂት ዝም ብለው እንደቆሙ ከድንጋዩ ስንጥቅ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት ሽኮኮ ወጣና ሆዱን ለፀሐይ ሰጠ። አንዱ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ዘብ ቆመ።

«እስቲ ጅራት ፈልጊባቸው» አሉ በሹክሹክታ።

ኦሽራት ፎቶ እያነሣች «የቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለች። «ዝሆን ነው።»

«ዝሆን!» አሉ ድምፃቸውን ረስተው። ዘበኛው ጮኸ፤ ሰባቱም ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው ሳቁ። ከመንበረ ቀብር ወዲህ እንዲያ አልሳቁም ነበር። «ይህን ያህል ዘመን ሳያቸው ኖሬ ዘመዳቸውን ሳላውቅ! ለካ ያየ ሰውም ሁሉን አያውቅም።»

ፎቶውን ከምስክርነታቸው ጋር፣ የት አገር እንዲህ እንደሚባል ለይተው፣ ጸሐፊዎቹ በሚከራከሩበት በውይይቱ ገጽ ላይ አኖሩት። ዘመነ በማግስቱ መለሰ፦ «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የገጠር ዘመዶቼን ጠየቅሁ፤ በቋጥኙ ያለውንም ሽኮኮ ይሉታል። እኔ የማውቀው የከተማውን አጠራር ብቻ ነበር።» ሁለቱም ልክ ሆኑ። ገጹ ለሁለት ተከፈለ፤ የድንጋይ ሽኮኮ ለብቻው፣ ባለጅራቱ የዛፍ ሽኮኮ ለብቻው፤ ከላይም አንባቢውን የሚመራ አንድ መስመር ተጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ በሐበሾች ጎዳና ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ሆነ። ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ልጅቱ ትጽፋለች፤ እርሷ የሳይንሱን ትነግራቸዋለች፣ እርሳቸው አማርኛዋን ያርሙላታል። ይህንን ያየ አንባቢ ጥቅሙን አያጣውም። በአፍ ብቻ የሚኖር ዕውቀት ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል፤ በመዝገብ የገባ ግን ልጁ ባይሰማው የሰው ልጅ ይሰማዋል። ስሕተቱም ቢሆን በጓዳ ሲቀመጥ ስሕተት እንደሆነ ይቀራል፤ አደባባይ ሲወጣ ግን አራሚ ያገኛል። አጥር የሌለው ማሳ የሚጠበቀው በማኩረፍ ሳይሆን ወጥቶ በመጠበቅ ነው። ይሁንና ብቸኝነታቸው ለቀቃቸው ብዬ አልዋሽም፤ ሽሎሞ ዛሬም «በላህ?» ነው የሚላቸው። ረቡዕም እንደ ድሮው ይረዝማል፤ የማክሰኞ ማግስት ስለሆነ እንዲያውም ይብሳል።

በመከር አንድ ቀን ኦሽራት የአንዲት ትንሽ ወፍ ሥዕል አሳየቻቸው፤ ደረቷ ቢጫ፣ ስትሄድ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ። ገጿ ላይ የአማርኛ ስም የለም።

«አውቃታለሁ!» አሉ። «ጤፍ ሲወቃ አውድማው ላይ ትመጣለች። ስሟ...»  ስሙ ጠፋባቸው። መንበረ ታውቀው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በስሟ እየጠራች ፍርፋሪ ትበትንላት ነበር። የሚጠይቁት ሰው በአእምሯቸው ፈለጉ፤ አንድም አላገኙም።

«እንዝለለው?» አለች ኦሽራት።

«አይሆንም። ልክ እንደምልሽ ጻፊ፦ ‹ይህችን ወፍ አውቃታለሁ። ስሟን የምታውቅ ባለቤቴ ነበረች፤ አርፋለች። እኔ ረስቼዋለሁ። የሚያውቅ ይጻፍልኝ።›»

በሳምንቱ መልስ መጣ። ጸሐፊውን ኦሽራትም ዘመነም አያውቁትም። «እኔም አላውቀውም አባቴ» ይላል። «እናቴ ግን ወገራ አለች። ለበዓል ስሄድ እጠይቃታለሁ።»

አቶ መንገሻ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ስልኩን ከኦሽራት እጅ ተቀብለው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጻፉ፦

«ልጄ፣ በዓል አትጠብቅ። ዛሬ ደውልላት።»