ቦታ የለም ያልኩት ዘገባ

ያ ጀመዓ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የተከበራችሁ ሸሆች፣ አባቶቼ፣ ከባቲና ከጨፋ ሮቢት ድረስ የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ ጥቂት ታገሡኝ።

አሁን አፈር ያለበስነውን ሙሀመድኑርን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ቀንቼበታለሁ።

እኔ ጋዜጠኛ ሆንኩ። እሱ ጅቡቲ ወርዶ የሻርክ ተመራማሪ ሆነ። የከሚሴ ልጅ! ሻርኩን ይይዛል፤ ክንፉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ኤሌክትሮኒክ መለያ ያስራል፤ ይለቀዋል። መለያዋ ሻርኩ መቼ እንደጠለቀ፣ መቼ እንደዋኘ፣ መቼ እንዳረፈ በየደቂቃው ትመዘግባለች። ቀናሁ።

አንድ ዓመት ለአረፋ መጣ። መናኸሪያው አጠገብ ሰው ከበበው። አንድ የከብት ነጋዴ፣ "እኛ ምልክት የምናደርገው ጆሮው ላይ ነው። ያንተ ዓሣ ጆሮ አለው እንዴ?" አሉት።

"አለው አባባ። ግን ውስጥ ነው፤ ልፈልገው ብል በአፉ በኩል መግባቴ ነው።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሃያ ዓመት ስጽፍ ማን እንዲህ ከቦኝ ያውቃል? ቀናሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ዘገባ ላከልኝ። ሰባት ሻርክ፣ አርባ ቀን። ከዚያ ደወለ።

"በድሩ፣ ጋዜጣህ ላይ አውጣልኝ። አባቴ እኮ ሥራ ፈት ነው የሚለኝ። ጋዜጣ ላይ ቢያየው ያምናል።"

"ቦታ የለም፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ" አልኩት።

ቦታ ነበረ። በዚያ ሳምንት ግማሽ ገጽ በባጃጅ ፎቶ ሞላሁ። በየወሩ ጠየቀኝ። በየወሩ ቦታ የለም አልኩት። አባቱ አምና፣ "ልጄ ዓሣ ይጠብቃል" እንዳሉ ወደ አኺራ ሄዱ። ካሚል፣ አንተ ወንድሙ ነህ፤ ይህን ከእኔ አፍ ስማው።

ዘገባው ምን ይላል? ሻርኩ ቀኑን ጥልቁ ውስጥ ይውላል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ላይ ወጥቶ ያድናል። ሲነጋ ይመለሳል። አጥማጆች ሻርኩ በሚወጣበት ሰዓት መረባቸውን ከውሃው ቢያነሱ ሻርኩም ይተርፋል፣ መረቡም ይተርፋል። ሥራ ነበር፣ ጀመዓው። ትልቅ ሥራ።

ቅድም ሸሁ፣ "በሙሀመድኑር የተቀየማችሁ ይቅር በሉት፣ አውፍ በሉት" ሲሉ፣ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ "አውፍ ብለናል" አላችሁ። እኔ አላልኩም። እሱ ምን በድሎኝ? እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓትም ቀናሁ።

ሂድ ወንድሜ፣ አላህ ቀብርህን ያብራልህ። አንተ ከዚህ ሁሉ ሰው አውፍታ ይዘህ ሄድክ። እኔ የምፈልገው ካንተ ብቻ ነበር።