የትከሻው ካሳና የሂልዳ ድርሻ

ከኬንዳል ከተማ ወዲያ ባለ አንድ የበግ አርቢዎች ሸለቆ «እንደምን ዋልክ?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «አይከፋም» ይባላል። ጣሪያው በነፋስ የተወሰደበትም፣ በጎቹ በበረዶ ያለቁበትም፣ ሚስቱን ትናንት የቀበረም «አይከፋም» ይላል። ከዚያ አልፎ የተናገረ አልቃሻ ተብሎ ስሙ ይነሳል። አይዛክ ብራይትዌት ስልሳ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ከዚህ ልማድ አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ ብለው አያውቁም። ሙያቸው የድንጋይ ካብ መካብ ነው። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ እያጎረሱ፣ መቶ ዓመት የሚቆም የበግ አጥር ይሠራሉ። በተራራው ላይ የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት አጥር ጥቂት ነው።

ከስምንት ወር በፊት ግን የከብት መኖ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ቀኝ ትከሻቸውንና ክንዳቸውን ከበሩ ምሰሶ ጋር አጣብቆ ደቆሰው። ሾፌሩ ኔቪል የሚባል የመንደራቸው ሰው ነበር። ጥፋቱ የመኪናው ስለመሆኑ የመኪናው ባለቤት ድርጅት መድን ሰጪም አልካደም። ትከሻው በቀዶ ጥገና ተጠገነ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ አይዛክ አንድ ድንጋይ አንስተው አያውቁም።

አንድ ቀን መድን ሰጪው በቀጠረላቸው ሐኪም ታይተው ከኬንዳል ከተማ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሲመለሱ፣ ሮዌና የምትባል የጎረቤት ልጅ ድንገት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሮዌና ሕግ ተምራ በከተማው አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አይዛክ ግን ዛሬም የሚያዩዋት የካቡት አጥር ላይ እየወጣች ስታስቸግራቸው እንደነበረችው ልጅ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ አይዛክ?»

«አይከፋም። አንቺስ?»

«እኔም አይከፋም። ከየት ነው?»

«ከሐኪም። የመድኑ ሰዎች ልከውኝ ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ‹እንዴት ነዎት?› ቢለኝ ‹አይከፋም› አልኩት። ‹እጅዎን ያዝዙታል?› ቢለኝ ‹እንደ ነገሩ› አልኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ኩራት ቢጤ ነበር። ቀኝ እጃቸው ግን ከተሳፈሩ ጀምሮ ከኮታቸው ኪስ አልወጣም።

«ወይ ጉድ! እንዲህ አሉት?» አለች ሮዌና።

«ታዲያ ምን ልበለው? ላልቅስበት?»

«እውነቱን ይንገሩት እንጂ። እሱ የሚጽፈው የሰማውን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ዝም አይነቅዝም የሚባልም አለ፣ ልጄ» አሉና ሳቁ። «ለማንኛውም ነገሩ አልቋል።»

በግራ እጃቸው ግራ የደረት ኪሳቸውን ሊፈትሹ ታገሉ። ሮዌና ልታግዝ እጇን ብትዘረጋ በዓይናቸው ከለከሏት። ከብዙ ትግል በኋላ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አወጡ።

«አራት ሺህ ፓውንድ እንስጥህ፣ ሐኪሙ ካየህ በኋላ ፈርመህ ላክ ብለው ባለፈው ሳምንት ጽፈውልኛል። ሳልጠይቃቸው! ፈርሜያለሁ፤ ስወርድ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ።»

ሮዌና ወረቀቱን አስፈቅዳ አነበበችው። «አጎቴ፣ ‹ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ› የሚለውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ሙሉ መሆኑ ምን ከፋው?»

«የመጨረሻ መሆኑ ነው የከፋው። ይህ ከተላከ በኋላ ትከሻዎ ቢብስ፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግዎት፣ ካብ መካብ ጨርሶ ቢቀርብዎት፣ ተመልሰው አንዲት ሳንቲም መጠየቅ አይችሉም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«እኔ ኔቪልን ከስሼ ሀብታም ልሁን? አብረን ያደግን ሰዎች ነን።»

«ከኔቪል ኪስ አምስት ሳንቲም አይወጣም። መኪና ያለው ሁሉ በየዓመቱ ለመድን የሚከፍለው ለዚህ ቀን ነው። እርስዎ ቢተዉት ገንዘቡ ለኔቪል አይመለስለትም፤ እዚያው ኩባንያው ዘንድ ይቀራል።»

«እሱስ መንገድ ላይ ሲያየኝ ለምን ተሻግሮ ይሄዳል? ክስ ፈርቶ ነዋ!»

«ፈርቶ ይሁን አዝኖ ጠይቀውታል?»

አልጠየቁትም። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሸለቆ አይጠየቅም። እውነቱን ለመናገር፣ አይዛክ አእምሮ የጎደላቸው ሰው አልነበሩም። ካሳን ከምጽዋት አንድ አድርገው ስለሚያዩት ነበር እንጂ። ምጽዋት ለሚጸየፍ ሰው ደግሞ የሕግ ቃል ቢደረድሩለት ጆሮውን አይሰጥም። ሮዌናም ይህ ገብቷት ነገሩን ወደ ሙያቸው አዞረችው።

«እርስዎ የካቡትን ካብ የሰው በሬ ቢያፈርሰው ባለበሬው ምን ያደርጋል?»

«ያሠራዋላ!»

«እስከ ምን ድረስ?»

«እንደነበረ እስኪሆን ድረስ ነው እንጂ!»

«ሦስት ድንጋይ መልሶ ‹ጨርሻለሁ፣ ፈርምልኝ› ቢልዎትስ?»

«ይቺን ይወዳል! በጆሮው ጎትቼ አመጣው ነበር።»

«ታዲያ ትከሻዎ ከካብ ያንሳል?»

አይዛክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትከሻ ተመልሶ አይካብም፣ ልጄ።»

«ስለማይካብ ነው በገንዘብ የሚተመነው። ካሳ ሽልማት አይደለም፤ ምጽዋትም አይደለም። የፈረሰውን እስከሚቻለው ድረስ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ ይገመታል። ከዚያ እስከ ዛሬ ከሥራ የቀሩበት፣ ወደፊትም የሚቀሩበት ይታሰባል። የሕክምናው ወጪ አለ። አራተኛው ደግሞ…»

«በቃ፣ በቃ!» አሉ አይዛክ። «አባቴ ድንጋይ ሲፈልጥ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ማንንም አልጠየቀም። ‹አይከፋም› ብሎ ኖሮ ‹አይከፋም› ብሎ ሞተ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ በኋላ በምን ኖራችሁ?»

«እናቴ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እስክትሞት።»

«እንግዲያው ካሳው ተከፍሏል፣ አጎቴ። የከፈሉት ግን እናትዎ ናቸው።»

አይዛክ ወረቀቱን ተቀብለው በግራ እጃቸው እንደምንም ወደ ፖስታው መለሱት። እናታቸው በክረምት የተሰነጣጠቀ እጃቸውን የበግ ሞራ ሲቀቡ ትዝ አሏቸው። ይህን ያህል ዓመት ስለ አባታቸው ጽናት ሲያወሩ ኖረው፣ ያን እጅ በጽናት ቆጥረውት አያውቁም ነበር። ነገሩ ከነከናቸው፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖባቸው ፖስታውን ጨብጠው ከአውቶቡስ ወረዱ።

ቀዩ የፖስታ ሳጥን እዚያው ነበር።

«አንድ ሻይ ይጋብዙኝና ከዚያ ይክተቱት» አለች ሮዌና። «ሳጥኑ የትም አይሄድም።»

ሻይ የጠየቀን እንግዳ መመለስ ነውር ነውና አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

ሚስታቸው ሂልዳ ማገዶ አቅፈው ከጓሮ ሲገቡ ደረሱባቸው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሥራ የማይፈሩ ሴት ናቸው። ሻይ ቀዱ፤ የዝንጅብል ኬክ ቆርሰው አቀረቡ። የአይዛክን ሲያቀርቡ አስቀድመው በትንንሹ ከታተፉት፤ ይህንንም ያደረጉት ሳያስቡት ነው።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት፣ አክስቴ ሂልዳ?»

«አይከፋም፣ ሆዴ።»

ሮዌና ሳቋ አመለጣት። «ለሁለታችሁም አንድ መልስ! እሺ፣ ሌላ ልጠይቅ። ዛሬ ጠዋት የአጎቴን ሸሚዝ ማን ቆለፈላቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«የጫማቸውን ማሰሪያስ?»

«እኔ።»

«ጢማቸውን?»

«እኔ ነኝ፤ ትንሽ ቆረጥኩት እንጂ!» ብለው ሂልዳ ሳቁ።

«ማገዶውን የሚፈልጠው፣ ዶሮዎቹን የሚያየው፣ ሌሊት ትከሻቸው ሲያማቸው ተነስቶ የሚያሸው?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? አንቺ ደግሞ!»

አይዛክ ሻያቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። አንድ በአንድ ሁሉንም ያውቁታል። እንዲህ ተደርድሮ ግን ሰምተውት አያውቁም።

«ታዲያ የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ሥራ እንዴት ከዚህ ጋር ያደርሱታል?» አለች ሮዌና። ሂልዳ በሳምንት ሁለት ጠዋት ለተማሪዎች ምግብ ያበስሉ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ሂልዳ ሻይ መቅጃውን አነሱ፤ አስቀመጡት፤ እንደገና አነሱት።

«ሠራተኛ ስለበዛ ቀንሰዋታል» አሉ አይዛክ በእርሳቸው ፈንታ።

«አልቀነሱኝም» አሉ ሂልዳ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ የተውኩት። አንተን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ሌሊት እንደሚያምህ መቼ ነገርከኝ? እኔ ነኝ ስታቃስት የሰማሁህ።»

አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ለአንዱ ሲል አይከፋም እያለ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደባብቀው ነበር። ደግነታቸው አያጠራጥርም፤ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሮዌና ኩባያዋን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ አውቶቡስ ላይ አራተኛውን ሳልጨርስ አቋረጡኝ። አራተኛው ይሄ ነው። በጉዳቱ ምክንያት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያለ ደመወዝ ያስታመመው ይገመታል፤ ሰዓቱ ይቆጠራል። ገንዘቡ የሚመጣው በእርስዎ ስም ነው፤ የእርስዎ ግን አይደለም። ሕጉ የሚለው፣ ለአስታማሚዋ በአደራ ይዘው ያስረክቧታል ነው።»

«በአደራ?»

«በአደራ። ይህን ፖስታ ከላኩት ግን የአክስቴን ድርሻ አብረው ሰጡት ማለት ነው። የራስዎን ቢተዉ መብትዎ ነው። የእርሳቸውን ለመተው ማን ፈቀደልዎት?»

አይዛክ ጠንካራ ቃል ይችላሉ፤ አልቃሻ ቢሏቸው፣ ግትር ቢሏቸው ይስቃሉ። በሰው ዘንድ አደራ በላ የተባሉበት ቀን ግን የለም። ፊታቸው ቀላ። እናታቸው እንደገና ትዝ አሏቸው፤ ቀና ሲሉ ደግሞ የሂልዳ እጅ የማገዶ ስንጥር እንደጫረው አዩ።

ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሚስታቸው ገፉት። «ሂልዳ፣ እሳት ውስጥ ጨምሪው!»

«ኧረ አይቃጠል!» አለች ሮዌና ከወንበሯ ተነስታ። «ለጠበቃው ያስፈልጋል!»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አይዛክ፣ «እንግዲህ ምን ላድርግ? ንገሪኝ» አሉ።

«እኔ ገና ረዳት ነኝ፤ የሚወስነው ጠበቃው ነው። ሌላ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠየቃል። እስከዚያ አክስቴ የሚሠሩትን በየቀኑ በደብተር ይጻፉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የሌለ አይጨመር፣ ያለ አይደበቅ። የሚያጋንን ሰው የሚገባውንም ጭምር ያጣል፤ የሚደብቅ ደግሞ በገዛ አፉ ራሱን ይቀጣል። እውነቱ ይበቃናል።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ባልና ሚስት በሌላ ሐኪም ፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ ሽበት ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። ወረቀታቸውን አስተካከሉና፣ «እሺ አቶ ብራይትዌት፣ እንዴት ነዎት?» አሏቸው።

ያቺ የለመዷት ቃል እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጣች። አይዛክ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ኮታቸውን የቆለፉላቸው ሂልዳ ከጎናቸው ነበሩ፤ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ድንጋይ ማንሳት ይህን ያህል ከብዷቸው አያውቅም።

«ደህና አይደለሁም» አሉ።

ከዚያ በኋላማ አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበው መጣ። በቀኝ ጎናቸው እንደማይተኙ፣ ማንኪያ ሲይዙ እጃቸው እንደሚከዳቸው፣ ባለፈው ሳምንት መዶሻቸውን አንስተው ሲወድቅባቸው የመሣሪያ ቤቱን በር ዘግተው እንዳለቀሱ ተናገሩ። ይህን የመጨረሻውን ሂልዳም አልሰሙትም ነበር። እጃቸውን ያዟቸው። ሐኪሟ ሁሉንም ጻፉ።

ጉዳዩ ሲያልቅ በጠበቃው እጅ ከገባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ተዘጋ። የተከፈላቸው ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሀብታም ግን አልሆኑም፤ ካሳ ሀብታም ሊያደርግ አልተሠራም። ከካብ ሥራ የቀሩበት ተተካላቸው፤ ለትከሻቸው ማሻሻያ ሕክምና በየሳምንቱ የሚሄዱበት ተገኘ፤ ማገዶ የሚፈልጥና ከባዱን የሚሠራ ሰው ተቀጠረ። የሂልዳ ድርሻ በሂልዳ ስም ባንክ ገባ፤ አይዛክ ደረሰኙን በገዛ እጃቸው አስረከቧቸው። ሂልዳም ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተመለሱ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሲጎዳ ካሳው ከአንድ ቦታ መከፈሉ አይቀርም። ባለዕዳው ካልከፈለው ሚስት ትከፍለዋለች፣ ወይም እናት፣ ወይም ልጅ። ሳያስተውሉ መፈረምና ሕመምን መዋጥ ጨዋነት የሚመስለው ሒሳቡ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ላላየ ሰው ነው።

አንድ ጠዋት አይዛክ ወደ ሕክምናቸው ሊሄዱ መንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ ሲጠብቁ ኔቪል ከወዲያኛው መንገድ መጣ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ መሸሻ አልነበረውም። አንገቱን ደፍቶ፣ «እንደምን አደርክ፣ አይዛክ?» አለ።

«ትከሻዬን ያመኛል» አሉ አይዛክ። «ካምናው ግን ይሻላል። አንተስ?»

ኔቪል እንዲህ ያለ መልስ በመንደሩ ሰምቶ አያውቅም። ቆሞ ቀረ። አፉን ከፈተ፣ ያችን የለመዳትን ቃል ሊላት፤ አልወጣችለትም። ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለ።

አይዛክ በደህናው እጃቸው ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። «በል ንገረኝ» አሉት። «አውቶቡሱ ገና ነው።»