እጅጌው ያጠረው ኮት

ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ… ከደጅ አትቁሚ። ክሩን ዝም ብለሽ ርገጪው፤ እዚህ ልብስ ስፌት ቤት ክር ሳይረግጥ የገባ ሰው የለም። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ፊትሽ ወዛ ብሏል፣ እሰይ። ጋሼ ክር ሊገዙ ወጥተዋል። ጠዋትም ክር ገዝተው ነበር… ይሁን፣ ክር መቼም አይበላሽም።

እስቲ ኮቱን አምጪው። ኧረ እውነትሽን ነው፣ የግራው እጅጌ በሦስት ጣት አጥሯል። አማትሽ ጋሼ እኮ አርባ ዓመት ሲሰፉ የሰው ልክ ጽፈው አያውቁም፤ ሰው በበር ሲገባ በዓይናቸው ለክተው ያበቁ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ የኮት ቁልፍ ስተክል፣ እጅጌ ተሳስቶ ሲመለስባቸው ዛሬ ገና አየሁ። ያውም ልኩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁት የገዛ ልጃቸው ኮት! "ሌላ ጊዜ ይጠንቀቁ በያቸው" ብሎ ላከሽ? አይ ጨዋነት… ሌላው ቢሆን ራሱ መጥቶ ባስቸገራቸው ነበር። እሱ ግን ሰው ማስቸገር አይወድም። ይኸው ሰባት ወሩ፣ አንድ ቀን አላስቸገራቸውም።

ለትልቅ ንግግር ሊለብሰው ነበር አልሽኝ? ስለ ምን ይሆን የሚናገረው?… ስለ መርሳት በሽታ። ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ ምን ቁም ነገር አለ?

እኛም እዚህ ሬዲዮ እንሰማለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምር አንድ አዋቂ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። አንደበቱ ማር ነው። ደም ግፊታችሁን ተለኩ፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ እንቅልፍ አታጉድሉ፣ ጆሯችሁ ከደከመ ታዩ ይላል። "ከሁሉ በላይ ሽማግሌዎቻችሁን ብቻቸውን አትተዉ፤ ጨዋታ ለአእምሮ ስንቅ ነው" ያለ ዕለት፣ ጋሼ መቀሱን አስቀምጠው "እውነትህን ነው ልጄ… ለመሆኑ ምሳ በላህ?" አሉት። ሬዲዮውን እኮ ነው የሚያዋሩት። ምን ያድርጉ? ተጨዋወቱ ተብለዋላ።

ምልክቶቹንም ነግሮናል። አንድ ጥያቄ መደጋገም፣ በለመዱት ሥራ መሳሳት፣ በሚያውቁት መንገድ መጥፋት… "እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በጊዜ ከታየ የሚታከም አለ፣ የማይድነውም ቢሆን ቶሎ ቢታወቅ ይሻላል" አለ። እኔ ማይሟ እንኳ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ "ልጄ መጣ?" ብለው በአንድ ጠዋት አራቴ ሲጠይቁኝ እቆጥራለሁ። ካውያውን ሳያጠፉ ሲወጡ እኔ አጠፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ የድሮ ሱቃችን በር ላይ ቆመው በዚህኛው ሱቅ ቁልፍ ሊከፍቱት ሲታገሉ ጎረቤት ነው መልሶ ያመጣቸው። ደንግጬ አንድ የተማረ ሰው ጋ ደወልኩ። ምን አለኝ? "እርጅና ነው፣ አትጨነቂ።" አየሽልኝ ቁጥብነቱን? ያን ሁሉ ዕውቀት እኛ ላይ ማባከን አልፈለገም።

ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይላሉ… የእሱስ ማሰቡም ማደሩም ሩቅ ሆነ። ምን ይደረግ፣ የሕዝብ አእምሮ የሚጠብቅ ሰው አንድ ሽማግሌ ይጠብቅ ይባላል? ነውር አይሆንም? ደግሞስ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ማጠሩን አላየም? አይቷል፤ ዓይኑ ደኅና ነው። ምልክት መለየትማ ሥራው አይደል?… ያጠረው ጨርቁ መሰለው እንጂ።

ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? "ሐኪም ወልጄ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ልሂድ? ልጄ መጥቶ ይወስደኛል።" ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነው የሚጠብቁት። ባለፈው ዓርብ የእኔ ስም ጠፍቷቸው በእኅታቸው ስም ጠሩኝ፤ ቅር አላለኝም፣ ማታ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የልጃቸውን ስም ግን አልሳቱም። እስካሁን አልሳቱም… እስከ መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም። በሬዲዮ የሚያስተምረው ሰው ያውቅ ይሆናል።

በይ ኮቱን ተዪልኝ፤ እጅጌውን እኔው ለቅቄ አስረዝመዋለሁ፣ ለንግግሩ ይደርሳል። ለእሳቸው አልነግራቸውም፣ ያፍራሉ። መልእክት? ኧረ የምን መልእክት… እንዲያው ምርቃቴን አድርሺልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ስሙን ከፍ ያድርገው። ልጆቻችሁንም እግዜር ያሳድግላችሁ፤ ሁለመናቸው አባታቸውን ይምሰል። እሱም በተራው ሲያረጅ፣ ለአባቱ የሆነውን ሁሉ… አንድም ሳያጎድሉ ይሁኑለት። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ።