የጂዳው አውሮፕላን

በ2014 ዓ.ም. በበጋው፣ የወልድያ መንገድ እንደገና እንደተከፈተ፣ ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የሲሪንቃ እናት ከጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት ሲያነጋግሩት ሰማሁ።

«ልጄ ነገ ጠዋት ከጂዳ ትነሳለች። እስከ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ እማማ።»

«ከሐራ ገበያ በእግሬ እንደመመለስ ነዋ!»

«ከአዲስ አበባ እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ናት።»

«ታዲያ በእኛ ላይ ስታልፍ ‹ወራጅ አለ› ብትል ምን ነበረበት?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«በጦርነቱ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር ነበርኩ» አሉ እናትየው። « ነገ ግን፣ ኢንሻአላህ፣ ደጅ ቆሜ ሻርፔን አውለበልባለሁ።»

«የጦር አውሮፕላን ቢሆንስ፣ እማማ?»

«ልጄ ያለችበት ቢሆንስ?»

በማግስቱ ጠዋት ከሰማይ ድምፅ ስሰማ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ልጆቼን ይዤ ደጅ ወጣሁ።